ጎል አግብቶ መሸሽ

ስቶክሆልም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የእግር ኳስ ቡድን ሐኪም ሆንኩ። ሐኪም አልነበርኩም፤ አሁንም አይደለሁም። ኳሱንም ቢሆን ከወንድሞቼ ጋር ሳሎን ተቀምጬ ካየሁት በቀር አላውቀውም። ሶልና ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር፤ ትምህርቱ በሽታ በአገር ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነው እንጂ አንድ የታመመ ሰው ፊት ለፊት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አይደለም። ይህን ልዩነት ለጋሼ ላስረዳቸው ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልሆነም።

ጋሼን ያገኘኋቸው ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ቅጠል መርገፍ የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ወሬው ሁሉ የአሳማ ጉንፋን ሆኗል። በቀዩ መስመር ወደ ሻርሆልመን እየሄድኩ ከእናቴ ጋር በስልክ አወራለሁ። እናቴ ጉንፋኑ እዚያ ደርሷል ወይ፣ ለምን አፍሽን በሻርፕ አትሸፍኚም ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ የእሷን ፍርሃት ለማስታገስ እሞክራለሁ። ስልኩን ስዘጋ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናቴ ልክ መሆኗን ነገሩኝ። እሷ ስልክ ላይ ስለምትጮህ የሁለታችንንም ወሬ ሰምተው ነበር። ምን እንደምማር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጋዜጣውን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱትና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

ጋሼ ወደ ስዊድን የመጡት በወጣትነታቸው ለትምህርት ነው። የአፈር ሳይንስ አጥንተው፣ እዚሁ አንድ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታው ግን አልተስማማቸውም። ከኮሌጁ ሐበሻ ተማሪዎች ጋር ሆነው የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ በተማሪዎች ሊግ ውስጥም አስመዘገቡት። አሰልጣኝ የሆኑት ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው። አሁን ደግሞ ወረርሽኝ መጣና ቡድኑን የሚጠብቅ ባለሙያ ያስፈልጋቸው ነበር።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም” አልኳቸው።

“እኔስ አሰልጣኝ ነኝ እንዴ?” አሉኝ።

ሻርሆልመን ስንደርስ ሹመቴ ጸድቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ዶክተር” ብለው ነው የሚጠሩኝ።

ልምምዱ በየቅዳሜው ሻርሆልመን አጠገብ ባለ የፕላስቲክ ሣር ሜዳ ላይ ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል ሦስቱን ወዲያው ለየኋቸው። አምበሉ የውኃ ምህንድስና ዶክትሬቱን የሚሠራ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ የባሕር ዳር ልጅ ነው። በረኛው ከሰሜን ስዊድን የመጣ፣ ራሱ የጎሉን አግዳሚ ሊነካ የደረሰ ረጅም ስዊድናዊ ነው፤ በስዊድንኛ ብዙም አይናገርም፣ በአማርኛ ግን “ውጣ”፣ “ግባ”፣ “ተው” እና “ጎበዝ” የሚሉትን ቃላት ተምሮ ጨዋታውን ሙሉ ይጮኻቸዋል። የቀኝ ክንፍ ተጫዋቹ ደግሞ ቮርቢ ጎርድ በሚባል የከተማው ዳርቻ ሰፈር ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ጋሼ በአማርኛ ይቆጡታል፣ እሱ በስዊድንኛ ይከራከራል፤ ሁለቱም ከቋንቋቸው ሳይነቃነቁ ግማሽ ሰዓት ሊጨቃጨቁ ይችላሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ መሐል ሜዳ ላይ ሰበሰቧቸውና እኔ ንግግር አደረግኩ። መጨባበጥ የለም፤ በአንድ ኮዳ ውኃ መጠጣት የለም፤ የሚያስል ሰው ወደ ክንዱ ያስል፤ ትኩሳት ያለው ቤቱ ይቀመጥ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ትከሻ ለትከሻ ገጭ ገጭ እያደረጉ ሰላም መባባልም ቀርቷል ስላቸው ግን ጉርምርምታ ተነሳ። አምበሉ እጁን አወጣና፣ እኛ አሳማ የማንበላ ሰዎች ነን፣ ረቡዕና ዓርብም እንጾማለን፣ ይህ በሽታ በምን በኩል ነው የሚያገኘን ሲል ጠየቀኝ። ስሙ ከአሳማ ቢመጣም የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ አስረዳሁት። ፈገግ አለ። ፈገግታው ነርሶችና የክትባት ሠራተኞች በየቀበሌው የሚያውቁት ዓይነት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጎል ሲገባ የሚሆነው ነገር ነው። ጎል ያገባን ልጅ ማቀፍ፣ ላዩ ላይ መከመር ከለከልኩ። ጋሼም ደግፈው፣ ያቀፈ ሰው ይቀየራል ብለው አወጁ። በሚቀጥለው ጨዋታ የቮርቢው ልጅ ጥሩ ጎል አገባ። እጁን ዘርግቶ እንደ ልማዱ ወደ ጓደኞቹ ሮጠ። ጓደኞቹ ከእሱ ሸሹ። እሱ ነገሩን ረስቶት ስለነበር ያሳድዳቸዋል፣ እነሱ እየሳቁ ይበታተናሉ፤ አንዱ እንዲያውም የማዕዘኑን ባንዲራ ዞሮ አመለጠ። የተጋጣሚው ልጆች ቆመው ያያሉ። ዳኛው ወደ ጋሼ መጥቶ በቡድኑ ውስጥ ጸብ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼም በተረጋጋ ስዊድንኛ፣ የለም፣ ሐኪማችን አዝዛ ነው አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። ዳኛው አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግም ጉንፋኑ ገባብን። መጀመሪያ የታመመው አምበሉ ነው። ስደውልለት ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ፣ ብርድ መትቶኝ ነው አለኝ። ትኩሳት አለህ ወይ ስለው፣ ትንሽ አለ፤ ሰውነትህን ይቆራርጥሃል ወይ ስለው፣ ይቆራርጠኛል፤ ታዲያ የአሳማ ጉንፋን ነው ስለው፣ ብርድ ነው። በዚሁ ተለያየን። የሚኖረው ከሌሎቹ ተጫዋቾች ጋር አንድ ወጥ ቤት በሚጋሩበት የተማሪዎች መኖሪያ ስለነበር፣ ብርዱ ሳምንት ሳይሞላው ተከላካዮቻችንን በሙሉ መታቸው።

ጋሼ በየማለዳው ለሁሉም ስልክ እየደወሉ ትኩሳታቸውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ለእኔ ደውለው የጨዋታ ውጤት እንደሚያነብ ጋዜጠኛ ያሰሙኛል፤ የግራ ተከላካዩ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አምበሉ ሠላሳ ስምንት ተኩል፣ በመሻሻል ላይ። አልፎ አልፎም፣ የግራ ተከላካዩ ከትናንት ውጤቱ በልጧል ይሉኛል።

በሊጉ ደንብ ከሰባት ሰው በታች ይዞ የመጣ ቡድን መጫወት አይችልም፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ደግሞ ይሰረዛል፤ የልምምድ ሜዳውም ለሌላ ይሰጥበታል። አንድ ጨዋታ አስቀድመን ቀርተን ነበር። ቀጣዩ እንዲራዘምልን ጋሼ ለአዘጋጆቹ ደውለው ለመኗቸው። ሁሉም ቡድን የታመመ ሰው አለው፣ ለሁሉም ብናራዝም ጨዋታው በረዶ ላይ ይሆናል ብለው መለሱላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ሜዳ ስደርስ ቀዝቃዛ ካፊያ ይጥላል። የመጡት ስድስት ናቸው። በረኛው አለ፤ የቮርቢው ልጅ አለ፤ ሌሎቹ አራቱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ይንዘፈዘፋሉ። ሰባተኛ የለም። ሊጉ የወንዶች ስለሆነ እኔን የሚያየኝ አልነበረም፤ ለዚህ ደግሞ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጋሼ ግን ምንም የተጨነቁ አይመስሉም። ቦርሳቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ፤ ኮታቸውን አወለቁ። ከሥር የቡድኑን ማሊያ ለብሰዋል። ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበታቸው ስበውታል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ አንድ ኮርስ ይወስዳሉ። በዚህ አገር ለመማር አርጅተሃል የሚልህ የለም። በዚያ መንፈቅ የወሰዱት ሥነ ፈለክ ነበር፤ የታደሰ የተማሪ መታወቂያም አላቸው። ደንቡ የሚለው የተመዘገበ ተማሪ ነው እንጂ ስለ ዕድሜ ያለው ነገር የለም።

“ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም” አልኳቸው። “በእርስዎ ዕድሜ ይሄ ጉንፋን ቢይዝዎ ሳንባዎን ነው የሚያገኘው።”

“ዶክተር” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እነዚህ ልጆች ለፈተና ሲጨነቁ፣ አገራቸው ሲናፍቃቸው የሚመጡት እዚህ ሜዳ ነው። ሜዳውን ከወሰዱብን የት ልሰበስባቸው ነው? ልቆም ብቻ ነው። አልሮጥም።”

 የመድኃኒት ቦርሳዬን ከአግዳሚው አንስቼ አነገብኩ። ይህን እንደ ፈቃድ ወሰዱትና ገቡ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። መታወቂያቸውን አየች፤ እሳቸውን አየች፤ እንደገና መታወቂያውን አየች። ምን ነው የሚማሩት አለቻቸው። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ደመናው ቀስረው፣ ከዋክብት አሉ። መታወቂያውን መለሰችላቸውና ፊሽካዋን ነፋች።

ተጋጣሚዎቻችንም ሙሉ አልነበሩም፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢሆኑ ነው። ቢሆንም ከእኛ ይበልጡ ነበር፤ ዕረፍት ሳይደርስ በላይ በላዩ አገቡብን። በረኛችን ያለ የሌለ አማርኛውን ጨረሰ። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀው ከተጋጣሚው ተከላካይ አጠገብ ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ያዝዛሉ። ተከላካዩ ጸጉረ ወርቃማ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሽማግሌውን ላለመግፋት ሲል ኳስ በመጣ ቁጥር ይቅርታ እየጠየቀ ነበር የሚነጥቃቸው።

ከዕረፍት በኋላ ጋሼ አልሮጥም ያሉትን ረሱት። አንድ ኳስ ተከትለው ጥቂት ሮጡና ትንፋሽ አጥሯቸው ጎንበስ ብለው አሳሉ። ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል ነበር። ጨዋው ተከላካይ የማሊያውን አንገትጌ እስከ አፍንጫው ስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዴ ብቻም አልነበረም፤ እያፈገፈገ ሄደ። የጎሉ ፊት ባዶ ቀረ። የቮርቢው ልጅ ከሜዳው ማዶ ሆኖ ይህን አየ።

“ጋሼ፣ ያስሉ!” ብሎ ጮኸ።

በአማርኛ ነው። ሁላችንም ደነገጥን። ጋሼ ጨዋታው እየተካሄደ መሆኑን ረስተው ወደ እሱ ዞሩ።

“ምን አልክ?” አሉት።

“ያስሉ ነው የምልዎት! ሰዎቹ ይፈራሉ!”

ጋሼ አሳሉ። ኋላ ስንጠይቃቸው ሳሉ በራሱ ጊዜ የመጣ ነው፣ እኔ በሳል ጎል የምፈልግ ሰው አይደለሁም ብለው ተቆጥተውናል። እኔ ከመስመሩ አጠገብ ቆሜ ስለሰማሁት የራሴ አስተያየት አለኝ። ብቻ ኳሷ ዞራ ዞራ እግራቸው ሥር መጣች። በአውራ ጣታቸው ገፏት። የተጋጣሚው በረኛ ጉልበት መታችና ተመለሰች፤ እዚያ የደረሰው የቮርቢው ልጅ በኃይል መትቶ መረቡ ውስጥ ከተታት።

እነሱ አራት፣ እኛ አንድ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ላየ ሰው ግን የዓለም ዋንጫ የወሰድን ነው የሚመስለው። የሸሸ ሰው አልነበረም። በረኛው ከበሩ እየከነፈ መጥቶ ጋሼን ከመሬት አነሳቸው። የቮርቢው ልጅ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ በአማርኛ አንድ ነገር ይላቸዋል። ሌሎቹ ላያቸው ላይ ተከመሩ። የመድኃኒት ቦርሳውን እንዳነገብኩ ራሴን ክምሩ መሐል አገኘሁት፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። የአንዱ ላብ ይሁን ዝናቡ ፊቴ ላይ ይወርዳል፤ እኔም እንደነሱ እጮኻለሁ።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ስድስቱም ተኝተዋል። እኔም ተኝቻለሁ። ሶልና ባለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ብርድ ልብስ ደራርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የሚያሳስበኝ ግን ጋሼ ነበሩ። ስልካቸው ላይ ስደውል አይነሳም። አንድ ቀን እንዲሁ በትኩሳት ስቃዥ በሩ ተንኳኳ፤ ከውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ።

“ዶክተር፣ አፍሽን ሸፍኚና ክፈቺ። ሾርባ ይዣለሁ።”

ከሻርሆልመን ድስት በፎጣ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በቱነልባና መጥተዋል። ስልኩን ያላነሱት ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲዞሩ ነው። ምስርና ካሮት ውስጥ ዝንጅብል የጨመሩበት ሳይሆን ዝንጅብል ውስጥ ምስርና ካሮት የጨመሩበት ሾርባ ነበር። ፊታቸው እንደ ሕፃን ያበራል። ለምን መጡ፣ ይይዝዎታል አልኳቸው። እሳቸውም ይሄኛው ጉንፋን ወጣቱን ነው እንጂ ሽማግሌውን እንደማይደፍር፣ እነሱ አሮጌዎቹ ድሮ ተመሳሳዩን ሳይታመሙት እንዳልቀሩ በጋዜጣ ማንበባቸውን ነገሩኝ። ነገሩን ሲያነሱልኝ ትዝ አለኝ። የታማሚዎቹን ቁጥር በዕድሜ የሚከፋፍለውን ግራፍ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ሜዳው ላይ ግን ነጭ ጸጉራቸውን ብቻ ነበር ያየሁት።

“ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?” አልኳቸው።

“ዶክተሯ አንቺ ነሻ” አሉኝና ሾርባውን መቅዳት ጀመሩ።

ሊጉ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ሌሎቹም ቡድኖች ሰው እያነሳቸው ስለሄደ፣ አዘጋጆቹ የቀሩትን ጨዋታዎች ሰረዙና ሠንጠረዡ ባለበት ይጽና አሉ። እኛ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆነን ጸናን። ሜዳውም ለእኛው ቀረ። በበረዶው ወራት መግቢያ ጋሼ ያገገመውን ሁሉ ሰብስበው ለክትባት ሻርሆልመን ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ እዚህ ቮርድሴንትራል ወደምንለው፣ ወሰዱን። ሰልፉ ከሕንፃው ወጥቶ የገበያውን አደባባይ ይዞ ነበር። ያኔ የቮርቢው ልጅ ከጋሼ ጋር በአማርኛ ሲያወራ ለማንም አይገርምም፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ስዊድንኛው ይመለሳል። አምበሉ በሰልፉ ላይ ሳለ ብርድ ነበር የያዘኝ ማለቱን አልተወም። መርፌዋን ሲያይ ግን ምንም ሳይናገር በቁሙ ተዝለፈለፈ፤ በረኛው በአንድ እጁ ያዘው። ነርሷ ጭማቂ አጠጣችው። ከዚያ ሁላችንም ክንዳችንን እያሻሸን ገበያው ውስጥ ካለ ካፌ ገብተን የቀረፋ ዳቦ አዘዝን። ጋሼ የስኳር ፓኬቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ የመጪውን ፀደይ አሰላለፍ ያስረዳሉ፤ እኛ ደግሞ አንዱን ተከላካይ ቀድደን ቡና ውስጥ ጨመርነው።