እታለም ዝናሽ የቆጠረቻቸው ሦስት ወራት

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ አንዲት ልጅ ገባችና ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ይህን ገጽ አትሚልኝ አለችኝ። ርእሱን አየሁት፤ አንድ ሰው ከስንት ቀን በኋላ ቢመረመር የኤች አይ ቪ ውጤቱ እንደሚታመን የሚያወራ ነው። ገና እያተምኩላት ሌላ ገጽ ከፈተች፤ ቀጥላ ሌላ። በሦስቱም ላይ ያለው ቁጥር ይለያያል። "የትኛው ነው ልክ?" አለችኝ፤ እኔ ወረቀት የማባዛ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ረስታ። ማሽኑ እያጉረመረመ ወረቀቱን ሲተፋ፣ እኔ ወደ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ተመልሼ ነበር።

ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ከኮላ ድባ መጥቼ እዚሁ አዘዞ ከታላቅ ወንድሜ ከአያ ሙላትና ከሚስቱ ከእታለም ዝናሽ ጋር ነበር የምኖረው። ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛልኝ፣ ስልኩንም "ለትምህርትሽ ይሁንሽ" ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው። አፌ አያርፍም፣ እግሬም አያርፍም፤ ሁለቱንም የሚችለው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ሙያው ግንበኝነት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ሥራው ስለቀዘቀዘበት እንደ ሰፈሩ ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ኅዳር ስምንት ቀን ተመለሰ፤ ፊቱ ጠቁሮ፣ ወባ አድቅቆት፣ በአንድ ፌስታል ሰሊጥ ይዞ።

በማግሥቱ እታለም ዝናሽ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ከስሟ በላይ ማንበብ አትችልምና ወደ እኔ አመጣችው። የአንድ ክሊኒክ ማኅተም አለበት። የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው፤ ቀኑ ከመተማ የተነሣበት ዕለት ነው፤ ነጻ ይላል። እኔ ነጻ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

"ምነው ታዲያ ተመረመረ?" አለች።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። በሽታው መጀመሪያ ላይ ደም ውስጥ ተደብቆ እንደሚቆይ ከሴቶች ስብሰባ ላይ ሰምታለች፤ ስንት ቀን እንደሚደበቅ ግን አላስታወሰችም። "እኔስ እሺ፤ ይቺ ግን ጡቴ ላይ ናት" ብላ ወደ ሜሮን አገጯን አነሣች። ሜሮን ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ሳፋው ሥር ተቀምጣ የሳሙናውን ወረቀት ታኝካለች።

ስልኬን አወጣሁ። አንዱ ገጽ ሃያ ስምንት ቀን ይላል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በቪዲዮ አርባ አምስት ቀን ይላል። ሌላው ሦስት ወር። ከሥሩ አስተያየት የጻፈ አንዱ "ስድስት ወር ሳይሞላ አትመኑ፣ እኔ አውቃለሁ" ይላል፤ በምን እንዳወቀ አይናገርም። አንድ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ቁጥሩን ትቶ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሸጣል።

አንድ ወር ይበቃል ይላል አልኳት። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ዛሬ አውቃለሁ። ለወንድሜ የሚፈርድለት እሱ ነበር። ሁሉም እንዲያ የሚል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አብዛኛው ብዬ ዋሸሁ። እታለም ዝናሽ አልተቆጣችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ደብሬ፣ ወንድምሽ ነው፤ እንድትጠዪው አልፈልግም። ግን ረጅሙን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት።

በዚያው ሳምንት የሜሮን የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ስለነበረ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ከደንቢያ ጤፍ የጫኑ አይሱዙዎች እያለፉን፣ ጭዱ እየበነነ ነጠላችን ላይ ያርፋል። እታለም ዝናሽ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። ነርሷ ፊት ስትደርስ ግን አንደበቷ ተሳሰረ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ባሏ ከመተማ እንደመጣ፣ ተመርምሮም ነጻ እንደተባለ፣ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለባት በጮኸ ድምፄ ዘረገፍኩት። በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ልጅ ታቅፈው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ሲስተር ቀስ ብላ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ እኔን ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የዚያን ቀን ያህል አፌን ጠልቼው አላውቅም።

የስልኬን ቁጥሮች ሁሉ ደረደርኩላት። አንዳቸውም ሙሉ ውሸት እንዳልሆኑ ነገረችን። የምርመራው ዓይነት ይለያያል፤ በትልቅ ላቦራቶሪ የሚሠራው ቶሎ ያያል፣ እዚህ ከጣት ተወስዶ የሚታየው ዘግየት ይላል፤ በዚህኛው ከሆነ አደጋ ነበረ ከሚባልበት ከመጨረሻው ቀን ሦስት ወር መቆጠር አለበት። እስከዚያ ወይ መለያየት፣ ወይ ኮንዶም። ከመጣ ወዲህ ነክቶሽ ያውቃል ብላ ስትጠይቃት እታለም ዝናሽ መሬት መሬት እያየች፣ ወባው አላስነሣውም አለች። የእሷም ደም ታየ፤ ነጻ ነው። ሲስተር ሜሮንን አገጯን ዳሰሰቻትና፣ "በይ አጥቢያት፣ አትፍሪ" አለች።

ኮንዶሙ የእኔ የፊዚክስ ደብተር ውስጥ ተደብቆ መጣ። ሙላትን፣ ይህን እንካ ብለው ምን ይለኛል ብላ መንገድ ላይ ሳቀች። ከዚያ በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር ዐሥራ አምስት የገና ጾም ይገባል። በእኛ ቤት በጾም ባልና ሚስት አይነካኩም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጾሙ እስከ ገና ይሸፍነኛል አለች። ሦስት ወሩ የሚሞላው ግን የካቲት ስምንት ነው። ከገና ወዲያ አርባ ቀን ያህል ክፍት ቀረ። እኔ ልንገረው ብላት እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ባሌ ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ" አለችኝ።

ጾሙ በሽሮና በባቄላ አሹቅ አለፈ። አያ ሙላት ወባው ለቀቀውና ወደ ግንባታው ተመለሰ። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኝ ነበር። ሜሮን እየዳኸች ወደ እሱ ስትሄድ አንሥቶ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እጄ ሲሚንቶ ነው ይላል፤ በእሑድ ቀን ሳይቀር። ድሮ ወደ ላይ እየወረወረ የሚቀልባት ሰው ነው። ጥፋቱ ልቡን አቀዝቅዞት ነው ብዬ ፈረድኩበት። አንድ ቀን፣ "አያ፣ ይቺ ልጅ ትነክሳለች እንዴ?" አልኩት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

የገና ዕለት ዶሮው ተበልቶ፣ ጎረቤት ተሸኝቶ፣ ወንዶቹ ለገና ጨዋታ ወደ ሜዳው ሲወርዱ እሱ ቀረ። ፀሐይ በበሩ ገብታ ምንጣፉን ታሞቃለች። እታለም ዝናሽ ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

"ሙላት፣ ጃኬትህን ሳጥብ ነው ያገኘሁት። ነጻ ይላል፤ ተመስገን። ግን ጾሙ አለቀ እንጂ ቀኑ አላለቀም። እስከ የካቲት ስምንት ለየብቻ እንተኛ፤ ከዚያ አብረን እንመርመር።"

ይጮኻል ብዬ ሜሮንን አቀፍኳት። ወረቀቱን በድሮው እጥፋቱ መልሶ አጠፈው።

"እኔም የካቲት ስምንት ብዬ ነበር" አለ።

ለካ እሱም ሲቆጥር ነው የከረመው። እዚያ ሰሊጥ እርሻው ላይ አንዱ ባልደረባው ከስልክ ሦስት ወር ብሎ አነበበለት፤ ሌላው ደግሞ በምራቅም በላብም ይተላለፋል የሚል ቪዲዮ አሳየው። የትኛውን እንደሚያምን ስላላወቀ ሁሉንም አመነ። "ልጄን ሳልስማት ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው" አለ።

"አያ፣ በመሳም አይተላለፍም፤ በማቀፍም በላብም" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ከስልክ አይደለም። ሲስተርን ጠይቄያታለሁ።"

ሜሮንን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንገቷ ሥር አፍንጫውን ቀበረና አልነሣ አለ፤ እሷ ጆሮውን ይዛ ትስቃለች። እታለም ዝናሽ ሳህን ልትሰበስብ ተነሣች፤ አንድም ሳህን ግን አላነሣችም።

የካቲት ስምንት አብረው ሄዱ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው ተባሉ። ዳሩ ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ሳምንት ሰኞ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እታለም ዝናሽ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ስታስታውሰው፣ "አንቺ ሴት፣ እስከ ፋሲካ ልትገድዪኝ ነው" ብሎ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ሳቀ።

መተማ ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ ጠይቃዋለች፤ ነግሯታልም። የነገራትን ለእኔ አልነገረችኝም፤ እኔም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ጠያቂ፣ አልጠየቅኋትም። ሜሮን ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ቤቴ የገባችውን ያቺን ልጅ፣ ያተምኩላትን ሦስት ወረቀት ፊቷ ዘርግቼ፣ የትኛው ልክ እንዲሆንላት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ትንሹን ቁጥር በጣቷ ነካች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ያን ጊዜ እሱኑ ነበር የነካሁት። የምንፈራለት ሰው ሲኖር ዓይናችን የሚያርፈው በሚያሳርፈን ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ለሁሉም ዓይን የሚሆን አያጣም። ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ አብሬያት ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ። እታለም ዝናሽ ያን ዕለት ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ከጤና ጣቢያው በር ትመለስ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።