በዋዜማው ማርሽ ኋላ አላስገባሁም

መንዳት የተማርኩት አባቴ እግራቸውን የሰበሩ ጊዜ ነው። እግራቸውን የሰበሩት ደግሞ አገሩ ሁሉ በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ በዞረበት ወር፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። አዋጁን እንደማንም ሰምተዋል፤ እንዲያውም በርበሬ በረንዳ ካለው ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ለጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። ግን ሃያ ዓመት በግራ የነዳ እጅ አዋጅ አይሰማም። አንድ ማለዳ በርበሬ የሚያመላልሱባትን ፒካፕ እንደ ልማዳቸው በግራ ይዘው ሲወጡ ካሚዮን መጣባቸው፤ ሊሸሹ ሲሉ ግንብ መቱ። መኪናዋን ጋራዥ በሳምንት አቃንቶ መለሳት። የአባቴ እግር ግን ክረምቱን ሙሉ በጀሶ ታስሮ ከረመ።

አጎቴ መኪናዋ ትሸጥ አለ። እኔ ደግሞ እነዳታለሁ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባል አላገባሁም፤ ሠፈሩ እኔን ለማማት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር። መኪናዋን ያቃናው መካኒክ አስተማረኝ፤ ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባቴ ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ነገር አስማሉኝ።

«አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እዚህ ደጅ መጥቶ ስለ አነዳድሽ ከከሰሰኝ ቁልፉን ትመልሺልኛለሽ። መኪናዋም ትሸጣለች።»

ማልኩ። ሐምሌና ነሐሴ ያለ ከሳሽ አለፉ። የሚያፏጭብኝ ነበር፣ የሚሳደብ ነበር፤ ግን ደጃችን ድረስ የመጣ የለም። ያን ወራት እንደዚያች መኪና የወደድኩት ነገር አልነበረም። ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ በሩን ስዘጋ ማንም «ተነሺ» አይለኝም።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ መጣ። በዋዜማ መርካቶ ውስጥ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ባለ ታክሲው ዶሮ ያየበት ቦታ ይቆማል። በግ የኋላ ወንበር ላይ ተዘርግቶ በመስኮት ያያል። ችቦና ቄጠማ ሻጩ አስፋልቱ መሐል ዘርግቷል፤ ጋሪው በፈለገው በኩል ይገባል፤ ሁሉም ክላክሱን የሚነካው እንዲሄዱለት ሳይሆን መኖሩ እንዲታወቅለት ነው። እኔ ስምንት ጆንያ በርበሬ በሸራ ሸፍኜ ከሰባተኛ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እወርዳለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል።

ከታች አንድ የተጫነ ካሚዮን ይመጣል። ፊቱ የበግ መንጋ ገባበት። ሹፌሩ መሪውን ጠምዝዞ በጎቹን ሸሸ፤ የሸሸውም ወደ ግራው፣ ማለትም ወደ እኔ መስመር ነው። ከኋላው የነበሩት ታክሲዎች ተከተሉት። ከእኔ ፊት የነበሩት ደግሞ ያለ አንዳች ጥያቄ ወደዚያኛው ዳር ዞሩለት። በደቂቃ ውስጥ መንገዱ ሁሉ እንደ ድሮው በግራ መሄድ ጀመረ። የሚገርመው ደግሞ ጥሩ አድርጎ መሄዱ ነው! የበዓል ጥድፊያ የሦስት ወር ትምህርታቸውን ጠርጎ ወሰደውና እጃቸው ወደሚያውቀው ተመለሰ። በግራ ነድቼ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ካሚዮኑም አፍንጫዬ ስር መጥቶ ቆመ።

ሹፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። በመስኮት ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ወደ መስመርሽ ግቢ እንጂ!»

«መስመሬ ላይ ነኝ፣ ጋሼ። የኔ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጫጫታ ልናገረው አልችልም። ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ ዶሮ ሻጩ ሁሉ ሹፌር ሆነ። «ሁሉ ሰው ተሳስቶ እሷ ብቻ ልክ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ። አዎ፣ እኔ ብቻ ልክ። ሞተሩን ሳላጠፋ መሪዬን ይዤ ጠበቅሁ።

ትራፊክ ፖሊሱ በሰው መሐል እየተጋፋ መጣ። መንገዱን አየ፣ እኔን አየ።

«አንቺ፣ ማርሽ ኋላ አስገቢ።»

«ጌታዬ፣ ከኔ ጋር ወደ ታች ዞረው ቀኝ እጅዎን ያንሱልኝ።»

ለምን እንደታዘዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዞሮ አነሳ። እጁ የእኔን ጎማ ዳር ዳሩን አልፎ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ አመለከተ፤ ቀኙ የኔ ዳር ነበር። እጁን እንዳነሳ መንገዱን አንዴ ከላይ እስከ ታች አየና ፊሽካውን ጎረሰ። ከዚያ ታክሲው፣ ጋሪው፣ በጉ፣ በመጨረሻም ካሚዮኑ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያሉ ወደ ቀኛቸው ተመለሱ። ሹፌሩ ሲያልፈኝ ቀና ብሎም አላየኝ። እኔም ማርሽ ኋላ ሳላስገባ ወረድኩ።

በርበሬውን አራግፌ ቤት ስደርስ የካሚዮኑ ሹፌር ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማወቅ መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው መጠየቅ አይፈጅም።

«በበዓል ዋዜማ በሰው ፊት አዋረደችኝ» ይላል። «ተሳስታለች አላልኩም። ግን በዕድሜ አባቷ እሆናለሁ፤ ብታሳልፈኝ ምን ነበረበት?»

አባቴ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ቁልፉን።»

ይህን ሲያይ ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ ቁልፍ ይቀሟት ብዬ አልመጣሁም! ይቅርታ ትበለኝ፣ ይበቃኛል።»

አባቴ ፊታቸው ፈካ። መኪናዋን መሸጥ እሳቸውም አልፈለጉም፤ መውጫ በር አገኙ። «ይኸውልሽ፣ ይቅርታ በይውና ያዢው።»

አንድ ቃል ነው። ብናገረው መኪናዋ የኔ ናት፤ ጋቢናውም፣ በሩም። ግን ያን ይቅርታ ካልኩ ነገ በዚያው መንገድ ላይ የትኛውም ሽበት ሲመጣብኝ ማርሽ ኋላ ላስገባ ነው።

«በቀኜ ነበርኩ» አልኩ፤ ቁልፉንም መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ፒካፗ ከመስቀል በፊት ተሸጠች። አልቆጨኝም ብል ውሸቴን ነው፤ ገዢው ሲያስነሳት ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። ይቅርታውን ግን አላልኩም፤ ዛሬም አልልም።

የአባቴ ጀሶ በጥቅምት ተፈታ። አስፋልት ለመሻገር ስንቆም ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይይዙና፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወዴት ልይ?» ይሉኛል።

«መጀመሪያ ወደ ግራ፣ አባባ» እላቸዋለሁ። እኔ ሂዱ ሳልላቸው አንድ እርምጃ አይራመዱም።