ጋሽ ኦቻላ በርጩማውን ያነሳ ለት

ትናንት ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ከምትጠብስ ሴት አጠገብ ሳልፍ ሽታው እግሬን ያዘው። ገዛሁና እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ ጋጥኩት። ጣፋጭ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን የባሮ ውኃ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ጥቁር ደለል ላይ የበቀለው፣ ወተቱ አገጬ ላይ የሚፈሰው የልጅነቴ በቆሎ አይደለም።

የተወለድኩት ከጋምቤላ ከተማ ርቃ፣ ባሮ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ጤና ረዳት ነበር፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም መጀመሪያ ላይ ሲያርም ሲያርም ኋላ ደክሞት ተቀበለው። የመንደሩ መንግሥት ጎረቤታችን ጋሽ ኦቻላ ነበር። የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው፤ ጠዋት ማሳው ላይ ጭቃ ሲያቦካ ይውልና ከሰዓት ሰው ያስታርቃል። የቀበሌው ቢሮ የቆርቆሮ ክፍል ስለሆነ ሙቀቱ አይቻልም፤ የፍየልም የባልና ሚስትም ጣጣ የሚያልቀው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ባለቤቱ ከልጆቿ ሳትለይ ታበላኛለች፤ ቋንቋቸውን ከአማርኛ ቀድሜ ነው የተናገርኩት።

ለስብሰባ ሁሉም የራሱን የእንጨት በርጩማ ይዞ ይመጣል። በዚያ መንደር እንግዳ ፊት «አልስማማም» ማለት ነውር ነበር፤ ያልተስማማ ሰው በርጩማውን አንስቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቴ ይህ እስኪገባው ድረስ ሰው የሚሄደው የንጽሕና ትምህርቱ ሰልችቶት ይመስለው ነበር፤ ሳይሆንም አይቀር።

አንድ በጋ ከወረዳ አንድ ኃላፊ በመኪና መጣ። መንደሩ ከወንዙ ተነስቶ ዋናው መንገድ ዳር ይሰፍራል፤ የግንብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የውኃ ፓምፕ ይኖረዋል አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገርም ያምርበታል። ግን የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ ከማለቱ በፊት በርጩማዎቹ መነሳት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ «ሙቀቱ ነው፣ ግድ የለም» ብሎ ቀጠለ። ጋሽ ኦቻላ ከጎኑ ከቢሮ በመጣ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የመንግሥት ወንበር ነውና አንስቶት መሄድ አይችልም። ጥቂት ቆየና ተነስቶ ቤቱ ሄደ፣ በርጩማውን ይዞ ተመለሰ፣ ኃላፊው ፊት አስቀምጦ ቁጭ አለበት፤ ከዚያ ብድግ ብሎ አነሳውና ሄደ።

«ወንበሩ አልተመቸውም መሰለኝ» አለ ኃላፊው ለአባቴ።

አባቴ ያውቃል። አፉን ሲከፍት አይቼዋለሁ፣ ሲዘጋውም አይቼዋለሁ። ከጥላው ሥር የቀሩት እሱ፣ መምህራኑና የግብርና ሠራተኛው ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም በምደባ የመጡ። እጅ አወጡ፣ አባቴም አወጣ። መንደሩ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ የወሰኑት አንድ የማንጎ ዛፍ እንኳ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

መንገድ ዳር ቤቶቹ ተደርድረው ተሠሩ። ፓምፑ ትንሽ ሠርቶ ተበላሸ፤ በቆሎው በጠጠር መሬት ላይ ወገብ ሳይደርስ ደረቀ፤ ወጣቶቹ ወደ ከተማ ፈለሱ። ሊቀ መንበርነቱ ሪፖርት መጻፍ ለሚችል ልጅ ተሰጠ። ጋሽ ኦቻላ አንድም ቀን አልወቀሰንም፤ አባቴን የበላው ይኼው ነው፣ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በመጨረሻ አባቴ ዝውውር ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ጋሽ ኦቻላ ወደ ወንዙ ለመመለስ ዝውውር የሚጠይቅበት ቢሮ አልነበረውም።

የምንሄድ ዕለት ዕቃ ሊጭንልን መጣ። አባቴ እጁን ይዞ «ኦቻላ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አለው። ጋሽ ኦቻላ ገመዱን እያጠበቀ፣ ሳይቆጣ በሰባራ አማርኛው መለሰለት።

«ዶክተር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነው። ግን ቤትህ እዚህ አይደለም። ቤት የሌለው ሰው ይሄን እንዴት ያውቃል?»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ መኪናው ላይ ወጣ። እኔ ከሣጥኖቹ መሀል ተቀምጬ፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ፣ «ልጅቷ ግን የእኛ ናት» እንዲል የጋሽ ኦቻላን ዓይን ዓይን እያየሁ ጠበቅሁ። አላለም። ካደግሁ በኋላ አስተማሪ ሆኜ ወደ ጋምቤላ ተመልሻለሁ፤ ሰው አገርሽ የት ነው ሲለኝ ግን እስከ ዛሬ የምመልሰው አጣለሁ።