ከነሰሊጡ የተለካ ሽብልቅ

እኔ የመኪና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማረኝ ብረቱ ነው። በወጣትነቴ ሰሊጥ ላጭድ ከደጋ ወርጄ፣ እርሻ መሀል የቆመ ትራክተር ሥር ገብቼ አስነሥቼው የወጣሁ ቀን ማጭዴን ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ በመተማ፣ በኮኪትና በሽንፋ የእኔን እጅ ያላየ አሮጌ መኪና ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይንገረኝ። ሞተር ከሩቅ ሲመጣ፣ በእንጨትና በሣር ከሠራሁት ራኩባ ጥላ ሥር ሳልነሣ፣ ምን እንደጎደለው እናገራለሁ። ይህን የምጽፈው ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ የከፈተው ባለ ዲፕሎማ የአንዲትን ፒክአፕ ነገር ለደንበኞቹ አጣሞ ስለሚያወራ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ ቀጥ ብሎ ይጻፍ።

ፒክአፗ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ናት። ጭነት እንድትችል የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ብረት ደራርቤ ከፍ ያደረግኳት ራሴ ነኝ። አንድ ጠዋት ነጋዴው መጣና፣ «አባባ፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉልኝ» አለኝ። እናቱ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ጎንደር ብረት ገብቶላታል። ለቀጠሮ ስትሄድ ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ መውጣት እያስጮኻት ነው። ሰፈሩ ሀቦባ ይላታል፤ ከሱዳኖቹ የመጣ አጠራር ነው፣ አያት እንደ ማለት። አገር ሁሉ አንቱ ይላታል። እኔም እል ነበር፤ ከሰደበችኝ ወዲህ ትቻለሁ።

«ዝቅ አደርጋታለሁ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ሰው እንጂ ኬሻ አትጭንም። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ አባባ።»

ከባሌስትራው ብረቶች ሦስቱን አወጣሁ፤ የፊቱንም በልኩ አወረድኩ። ሀቦባ ማንም ሳይደግፋት ጎኗን አሳርፋ፣ እግሯን ስባ ገባች። ሰው ሁሉ አየ።

ጎንደር ግን አልደረሱም። ከኮኪት ትንሽ አለፍ ብለው ተመለሱ። ነጋዴው እንደነገረኝ ቀስ ሲል ደህና ናት፤ ስልሳን ስታልፍ ከወለሉ ሥር ትንቀጠቀጣለች፤ በፈጠነ ቁጥር ይብስባታል። እናቱ እሱን አላስጨረሰችውም። አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«አንተ ሽማግሌ! መኪና ነው የሠራኸው ወንፊት?»

«ምን ሆኑ፣ ሀቦባ?»

«ምን ሆኑ ይለኛል! እንደ ሰሊጥ ነዶ ዘቅዝቀህ አራገፍከኝ። ዳሌዬ ውስጥ ያለው ብረት ሲንጫጫ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ራኩባው ሥር የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ሳቁን የሰማው ባለ ዲፕሎማ እጁን በንጹሕ ጨርቅ እየጠረገ ተሻገረ።

«ጎማው ሚዛን አጥቶ ይሆናል፣ አባባ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ መወጣጫ በርጩማ ቢሠሩላት አይበቃም ነበር?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወደውም። «የተሰበረ ዳሌ በርጩማ አይወጣም፤ ዲፕሎማህ ላይ አልተጻፈም?» ብዬ መለስኩለት። ጎማዎቹን ወስዶ በማሽኑ አሽከረከረ፣ ሚዛን የሚያስተካክል የእርሳስ ብረት ለጠፈ። መኪናዋ እንደነበረችው ተንቀጠቀጠች። እንደማይሆን እያወቅኩ ነው የፈቀድኩለት። የጎማ መንቀጥቀጥ መሪ በያዘ እጅ ላይ ይመጣል፤ ይህ ግን የሚመጣው ከመቀመጫ ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚሄድ ረጅም ዘንግ አለ። በሁለት ጫፎቹ መስቀል የመሰሉ መታጠፊያዎች አሉት፤ ክሮቼራ እንላቸዋለን። የፊተኛው የታጠፈውን ያህል የኋለኛውም መታጠፍ አለበት። እኩል ከሆኑ አንዱ ያዛባውን ሌላው ያቃናዋል። ካልሆኑ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር እየፈጠነና እየዘገየ መኪናውን ያናውጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከስንት የጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ያገኘሁት ነው። ባሌስትራውን ስቀንስ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ቀና ብሎ የሁለቱ መታጠፊያዎች እኩልነት ፈርሷል።

ግማሽ ውሃ ያለበት የመድኃኒት ብልቃጥ አለኝ፤ የእኔ ውሃ ልክ እሱ ነው። ዘንጉ ላይ አጋድሜ የውሃውን መስመር አየሁ። ከብረት ሽብልቅ ቆርጬ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ ሞረድኩና ከባሌስትራው ሥር አስገባሁ። ከዚያ ብቻዬን አስፋልቱ ላይ ነዳኋት። ስልሳ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፤ ጸጥ። ስመለስ ባለ ዲፕሎማው በር ላይ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ግን መኪናዋ እንደገና ተንቀጥቅጣ ከመንገድ ተመለሱ።

ነጋዴው ወደ እኔ እንኳ አልመጣም። ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ሽማግሌው እጁ ከድቶታል» አለ። ይህን የሚያህል ቃል በእኔ ላይ ተነግሮ አያውቅም። ሐኪሙ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነግሮታል፦ በሦስተኛው ቀጠሮ ካልታየች አጥንቱ ተጣሞ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በእግሯ አትቆምም። ለቀጠሮው ሦስት ቀን ቀርቷል። የአውቶቡስ መቀመጫ ላይ መቀመጥ አትችልም። እሷም፣ «ያ ሰው በነካው መኪና ከምሄድ እዚሁ ልሙት» ብላለች አሉ።

ቤቷ ሄድኩ። ለመጠየቅ አልሄድኩም፤ ለመጣላት ነው። በገመድ የተታታ አንገረብ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፤ ልጇ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«መጣህ? ሳታራግፈው የቀረ አጥንት አለ?»

«መኪናዋን እኔው ነድቻታለሁ» አልኩ። «ላይዋ ላይ ያረፈ ዝንብ አይነሣም። የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ።»

«አንቺ? አንቺ አልከኝ?» በክርኗ ልትነሣ ሞክራ ጥርሷን ነከሰች። «አንተ እኮ የነዳኸው ባዶዋን ነው! እኔን ከስድስት ኬሻ ሰሊጥ ጋር ነው የሚወስደኝ!»

ዞሬ ልጇን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«የምን ኬሻ?»

«በጓሮ ጭኖ በሸራ የሚሸፍነው፣ ወደ አንተ ከመምጣቱ በፊት የሚያራግፈው ነዋ!»

«አንተ ውሸታም!» አልኩት።

«አባባ፣ ጎንደር ድረስ መኪና ባዶ ይሄዳል? ከመተማ ባዶውን የወጣ መኪና አይተው ያውቃሉ?»

«ገበያ ላይ ስሜን ስታጠፋ ኬሻው ትዝ አላለህም?»

እውነቱን ለመናገር ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ አገር ወደ ደጋ ባዶውን የወጣ መኪና አላየሁም። ስድስት ኬሻ የሳሳውን ባሌስትራ ሲጫነው የዲፈረንሻሉ አፍንጫ እንደገና ይዞራል፤ በባዶ የተለካው ሽብልቄ ውሸት ይሆናል። ግን ገብቶኛል ብሎኝ ነበር፤ አመንኩት። ስህተቴ ሰው ማመኔ ነው፤ በብረቱ አልተሳሳትኩም።

«ምረጥ» አልኩት። «ወይ ሰሊጡን ተው፣ ወይ እናትህን ተው።»

ዓይኑ በበሩ ወደ ጓሮው ኬሻ ሄደ። ሀቦባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣

«ይጫን» አለች። «ባለሙያ ነኝ ካልክ ከነሰሊጡ አቅናት። ካልቻልክ ያንን ማዶ ያለውን ጥራልኝ።»

እስከ አጥንቴ ገባ።

በማግሥቱ ስድስቱን ኬሻ አስጫንኩ፤ ነጋዴውን መሪው ላይ አስቀመጥኩ። በእሷ ቦታ አንድ ኬሻ ላኖር ስል፣ «እኔ ኬሻ ነኝ?» ብላ ራሷ መጣች። ያን ሁሉ ሰዓት በቆላው ሐሩር በሱዳን ልብሷ በቶቧ ጫፍ ፊቷን እያራገበች ተቀመጠች፤ እኔ ከሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ ብልቃጤን አያለሁ።

«ሞትክ እንዴ እዚያ ውስጥ?»

«አንቺን ሳልቀብር አልሞትም።»

«እኔን የሚቀብሩ ወንዶች አሉኝ። አንተ ሞርድ!»

ካወጣኋቸው ብረቶች አንዱን መለስኩ፤ አዲስ ሽብልቅ ሞረድኩ፤ አስገብቼ ለካሁ፤ አውጥቼ እንደገና ሞረድኩ። በአራተኛው ከፊትና ከኋላ ውሃው አንድ ዓይነት ሆኖ ተኛ። ባለ ዲፕሎማው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ና ግባ አላልኩትም።

በቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ጥሩ መሥራቴን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ቀን ሞተር በሰማሁ ቁጥር ቀና እል ነበር። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መጡና ጋራዤ ፊት ቆሙ። ሀቦባ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ እኔ በደንብ እንድሰማ አድርጋ፣

«ጎንደር ድረስ ተኝቼ ነው የደረስኩት» አለችው። «ለዚያ ሰው እንዳትነግረው።»

መኪናዋ ዛሬም ትሠራለች። ባዶዋን ከሆነች ትንሽ ትነቃነቃለች፤ ስድስት ኬሻ ሲጫንባት ጸጥ ትላለች። ባለ ዲፕሎማው ያዳናት የጎማው እርሳስ ነው እያለ ያወራል። ይውጣለት።

ሀቦባ አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ወደ ገበያ ስትወርድ በራኩባዬ ፊት ታልፋለች፤ ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልላትም። ሳላያት ግን እርምጃዋን እሰማለሁ። የግራ እግሯ በግማሽ ጣት ያጥራል። ከአሮጌ ጎማ አንዲት ሽብልቅ ቆርጦ ከጫማዋ ሥር ማድረግ ነበር፤ ለእኔ የአፍታ ሥራ ነው። አልጠየቀችኝም። አልነገርኳትም።