የአርቡ አውሮፕላንና የኖራው መስመር

ያን ቀን ጠዋት ጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ በጤና ጣቢያው ድሬሰር የነበረው ባለቤቴ፣ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሰችው ልጄ፣ ለእረፍት አብራት የመጣችው የኮሌጅ ጓደኛዋ፣ ጎረቤቴ ባለሱቋ፣ ሜዳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ የስፖርት አስተማሪው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ከእነሱም ሌላ አውሮፕላን ሊያዩ የወጡ አሥራ አምስት የሚሆኑ የሰፈራችን ሴቶች። ከብቶችም ነበሩ። ከብቶቹን የምጠቅሰው ያለ እነሱ ነገሩ ስለማይሆን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ኮሌጅ ከገባች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ደብዳቤዋን ግን ለማንም ሳልሰጥ ራሴ ነበር የማነበው። አንዱ ደብዳቤ ላይ “እማዬ፣ ቡድናችን አሸነፈ” ትላለች። ቮሊቦል ነው። በሚቀጥለው “የስዕል ክበባችን ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፣ ሦስት ስዕል አቀረብኩ” ትላለች። በሌላው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ዶርም ውስጥ ተሰብስበው ሲጨፍሩ ተቆጣጣሪዋ መጥታ እንዴት አብራ እንደጨፈረች ትጽፋለች። ወረቀቱን እገለብጣለሁ። ስለ ትምህርቱ ምንም የለም። ለባለቤቴ “ይቺ ልጅ ልትጫወት ነው እንዴ የሄደችው?” ስለው “ብትወድቅ ኖሮ ይነግሩን ነበር” ይለኛል። እንዲህ ያለ መልስ እኔን አያስተኛኝም።

በጥር ወር ለሴሚስተር እረፍት ሁለቱ አብረው መጡ። ጓደኛዋ የደሴ ልጅ ናት። ረጅም፣ ጉልበተኛ፣ ስትስቅ ጎረቤት የምትጠራ። የመጀመሪያው ቀን እራት ላይ ያዝኳት።

“ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ እሷ ትደብቀኛለች። ታጠናለች ወይ?”

“እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳ ላይ ናት። ከዚያ ክፍል። ከሰዓት ላቦራቶሪ። ማታ ላይብረሪ ትገባለች፣ ነገር ግን የደብተሯ ዳር ዳሩ ሁሉ ስዕል ነው። የኬሚስትሪ መምህራችንን አፍንጫ ብቻውን ሁለት ገጽ ሥላዋለች።”

“አንቺ! ምላስሽን ሰብስቢ!” አለች ልጄ።

“ካፌ ስትገባ እጇ ሰማያዊ ነው። ወጥ ጨላፊው አንድ ቀን ‘እህቴ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ’ ብሏታል።”

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ውጤቷን አምጪ አልኳት። አመጣች። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባለቤቴ አነበበልኝ፤ ሁለት ኤ፣ አራት ቢ፣ አንድ ሲ።

“ሲዋ ምንድን ናት?”

“አልፌያለሁ ማለት ነው፣ እማዬ።”

“በምን ያህል አለፍሽ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ እህሏን ትብላ ተያት” አለ ባለቤቴ።

ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ በልቤ ያዝኩ። የመጨረሻው ሴሚስተር ምዝገባ ሰኞ ማታ ይዘጋል። ያልተመዘገበ ሰው ዓመት ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መልሰው ይቀበሉት አይቀበሉት ደግሞ አይታወቅም። ከጂንካ አውሮፕላን ያለው አርብ ነው፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የመኪናው መንገድ ደግሞ በሰዓቱ ያደርሳል ተብሎ አይታመንም፤ ስለዚህ አርብ መሄድ አለባቸው። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ እነግራቸዋለሁ። ጓደኛዋ ገና ሳልጀምር “አርብ፣ እትዬ!” ማለት ለምዳ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ቤታችን አልተዘጋም። ልጄ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ልጃገረዶች ቮሊቦል ታሠለጥናለች። ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች ማኅበር የቀበሌውን አዳራሽ ግድግዳ ኖራ ቀብታ ስዕል ትሥልበታለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ፋብሪካ ሣዪልኝ ብሏት ነበር። ጂንካ ፋብሪካ የለም። እሷ የዲመካን ገበያ ሣለች፤ ፍየሎች፣ ማር የያዙ ሴቶች፣ ቅል የተሸከሙ ልጃገረዶች። ከዚያ ጥግ ላይ፣ ከአንድ ፍየል ቀንድ ኋላ፣ ጣት የምታህል የጭስ ማውጫ ጨመረችለት። ሊቀመንበሩ ብዙ ቆሞ አየና “ፍየሉ አልበዛም?” አለ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ፋብሪካው ሩቅ ስለሆነ ነው ያነሰው” አለችው። ተቀበለ።

ሐሙስ ከሰዓት ልጄ ያሠለጠነቻቸው ልጃገረዶች ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር ሊጫወቱ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ የግንባታ ድንጋይ ስለተከመረበት አውሮፕላን ሜዳው ላይ እንጫወት ተባለ። አውሮፕላን ሜዳችን ከተማው መሐል ነው። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። ሣሩ በከብት አፍ የታጨደ ስለሆነ ከጠቅላላው ከተማ የሚመረጠው ደልዳላ እሱ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ ቅር አላቸው።

“ነገ አውሮፕላን አለ” አሉ።

“አባባ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ማታ የመረቡን እንጨቶች እንነቅላለን፤ ቀዳዳውንም እንደፍናለን” አለ የስፖርት አስተማሪው።

ከአዳራሹ የተረፈው ኖራ በባልዲ መጣ። አስተማሪው የመጫወቻውን መሐል ለማግኘት ገመዱን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ከዚያም ከሌላው ማዕዘን ወደ ሌላው ወጠረ። ሁለቱ ገመዶች የሚገናኙበት ቦታ መሐል ነው። ጓደኛዋ ባልዲውን ይዛ ዙሪያውን ካሰመረች በኋላ ሳታቆም በእነዚያ ገመዶችም ላይ ኖራውን ታፈስ ጀመር።

“ኧረ አንቺ ልጅ! እሱ መለኪያ ነው እንጂ መስመር አይደለም!” ብሎ ጮኸ አስተማሪው።

“ይተዉት፣ ጋሼ፣ ያምራል። ሜዳ መሰለ።”

ልጄ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ ስዕል ስታይ እንደምታደርገው አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው። “አይነካ” አለች። “ያምራል።” ሁለቱም ላይ ኖራውን ደርበው አወፈሩት።

ተጫወቱ። ለወራት ኳሱን ተይ ስላት የነበርኩት እኔ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ተነሥቼ “በለው! በለው!” ብዬ እንደጮኽኩ ባለሱቋ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች። ልጄ ያሠለጠነቻቸው ልጃገረዶች አሸነፉ። ማታ እንጨቶቹ ተነቀሉ፣ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ። ሁሉም ቃሉን ጠበቀ። መስመሩን ግን ማንም አላሰበውም።

አርብ ጠዋት አውሮፕላኑ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ሁሉንም ሜዳ አደረስኳቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጠባቂው ፊሽካቸውን እየነፉ ከብቶቹን ወደ ዳር አወጡ። ድምፁ ተሰማ፤ አውሮፕላኑ ከተራራው በኩል መጣ። ዝቅ አለ። ጎማዎቹን አየኋቸው። “መጣልሽ” አልኩ። ወዲያው ሞተሩ አጓራና ከራሳችን በላይ አልፎ ሄደ። ዞሮ መጣ። ዝቅ አለ። እንደገና አጓርቶ ወጣ። ከዚያ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ ሄደና ጠፋ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የተማረችው ሁሉ፣ የላክኩላት ማር ሁሉ፣ አራቱ ዓመት ሁሉ ወደ ኦሞ ሲበር ነው ያየሁት።

ትኬት ቆራጩ ከሬዲዮው ክፍል እየሮጠ መጣ። ኮቱ አንድ እጁ ላይ ብቻ ነበር።

“ማን ነው ሜዳው ላይ መስቀለኛ ነጭ ያሰመረው?”

ሁላችንም ወደ ጓደኛዋ ዞርን።

“ነጭ መስቀለኛ መስመር ለአብራሪ ‘ሜዳው ተዘግቷል፣ እንዳታርፍ’ ማለት ነው! ‘ምን ሆናችሁ? ጎርፍ ነው? ከብት ነው?’ እያለ በሬዲዮ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?”

“ቮሊቦል ነው በለው” አሉ ጠባቂው።

ባለሱቋ መሳቅ ጀመረች፤ እኔን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትኬት ቆራጩ እንዳለው አውሮፕላኑ ኦሞ ዳር ወርዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ በላያችን ያልፋል። መስመሩ ከጠፋ ያርፋል። ካልጠፋ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል።

ሁሉም ወደ መስመሩ ሮጠ። በእግራቸው ፈተጉት። ጤዛ አርሶት ስለነበር ሣሩ ላይ ተጣብቋል። አስተማሪው ቅጠል ቆርጦ ጠረገው፤ ኖራው ግራና ቀኝ ተበተነና መስቀሉ በእጥፍ ወፈረ። ልጄ በሻንጣዋ ውስጥ የያዘችውን አረንጓዴ ቀለም አወጣች። ጣሳዋ የሻይ ብርጭቆ ታህላለች። ጓደኛዋ ቆማ ነበር። “እኔ ነኝ። እትዬ፣ እኔ ነኝ” ትላለች።

ያን ጊዜ ነው ከብቶቹን ያየሁት። ሌሊቱን ሜዳው ላይ ነው ያደሩት።

“እበት!” አልኩ። “ሴቶች፣ እበት አምጡ!”

ለኛ ለሴቶቹ ማብራሪያ አያስፈልገንም ነበር። በየሳምንቱ የቤታችንን ወለል የምንለቀልቀው በእበት ነው። ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ፣ እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ሲደርቅ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ እናውቃለን። ሣር የበላ ከብት እበት አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ከሣሩ አይለይም። አንዷ ውኃ በእንስራ ይዛ መጣች። ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን አራት ቦታ ተከፈልን፤ ከአራቱ ማዕዘን ወደ መሐል።

“ልጄ፣ በመዳፍሽ እንጂ በጣትሽ አይደለም! አራት ዓመት ምን አስተማሩሽ?” አልኳት ልጄን።

“ስዕል ነው እኮ እማዬ፣ ብሩሽ ስጪኝ!”

የደሴዋ ልጅ መጀመሪያ በሁለት ጣቷ አነሣች። ሴቶቹ ሳቁባት። “የከተማ ሙሽራ፣ ቅመም መሰለሽ?” አለቻት አንዷ። ልጅቷ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ነከረች፤ ከዚያ ከሁላችንም ፈጠነች። ባለሱቋ የሐር ሻሿን ለጠባቂው አስይዛ ገባች። ባለቤቴ እበቱን በጆንያ ያመላልሳል። ሴቶቹ ወለል ስንለቀልቅ የምናዜመውን በአገራችን ቋንቋ፣ በአሪኛ ጀመሩ፤ ጓደኛዋ ቃሉን ሳታውቅ ዜማውን ትከተላለች። እኔም ዘፈንኩ። ሰኞን ረስቼ አልነበረም፤ ግን እጄ ሥራ ሲይዝ ፍርሃቴ ይቀንሳል።

መሐሉ ላይ አራቱም ወገን ሲገናኝ ድምፁ ተሰማ። ወደ ዳር ሮጥን። አውሮፕላኑ አንዴ ዞረ። ዝቅ አለ፤ ጎማው ሣሩን ነካ፤ አረፈ። አስተማሪው በደስታ ጠባቂውን አቅፎ አነሣቸው፤ እሳቸውም “አውርደኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ” አሉ።

ነገር ግን ኦሞ ዳር የታመመ ሰው ጭነው ነበር፤ ወንበሮች ላይ አስተኝተውታል። ትኬት ቆራጩ ወጥቶ “አንድ ሰው ብቻ” አለ።

በእኛ ቤት ቅድሚያ የእንግዳ ነው። ውኃም፣ ምግብም፣ መኝታም። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። “እንግዳዋ ትሂድ” ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ አልወጣም። ይህን የምጽፈው ስለማያስመሰግነኝ ነው።

ያቺ ልጅ አላስጨነቀችኝም። ልጄን በእበታም እጇ ወደ አውሮፕላኑ ገፋቻት።

“ግቢ። ኖራውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እኔ በመኪና እደርሳለሁ።”

“አብረን ካልሆነ አልሄድም!”

“እናትሽን ልትገድያት ነው? ግቢ አልኩሽ! ሰኞ ማታ በር ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ።”

ልጄ እያለቀሰችም እየሳቀችም ገባች። የተቀመጠችበት መስኮት ላይ አረንጓዴ መዳፏ ታትሞ አየሁት።

የባለሱቋ ባል የጭነት መኪና ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ በኮንሶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ይነሣ ነበር። ባለሱቋ ሮጣ ጋቢናውን አስያዘችልን። ልጅቷን በሙቅ ውኃ አጠብኳት፤ ክርኗ ድረስ እኔው ፈተግኩላት። ቂጣ በማር ቋጠርኩላት፣ ባለቤቴንም አብሯት ላክሁት። ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ ላይ ሊያሳፍራት። ስትሳፈር አንገቴን አቅፋ “አርብ አልቋል እትዬ፣ አሁን ሰኞ ይበሉ” አለችኝ።

ሰኞን ቀኑን ሙሉ ስንቴ እንዳልኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ልጄ እንደጻፈችው ጓደኛዋ ሰኞ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከአቧራው የተነሣ ቅንድቧ ቀይ ሆኖ፣ ከመዝጋቢው መስኮት ፊት ደረሰች። ሁለቱም ተመዘገቡ። ሐምሌ ላይ አብረው ተመረቁ። በዚያው ዓመት የልጄ ቡድንም ዋንጫ አመጣ፤ ስዕሏም ኮሌጁ አዳራሽ ተሰቀለ፤ በመጨረሻው ውጤቷም ላይ ሲ የሚባል አልነበረም።

ከምረቃ በኋላ ምደባ ወጣ። ልጄ ወደ ጂንካ ተመልሳ አስተማሪ ሆነች። ጓደኛዋ ወደ ሰሜን ተመደበች። ሁለት ዓመት ጻፈችልን፤ ለእኔ ለብቻዬ በትልልቅ ፊደል ትጽፍልኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፤ ደብዳቤም ቆመ። ልጄ ደሴ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች፤ ቤተሰቧ ሰፈሩን ለቀዋል አሏት።

ያቺ የደሴ ልጅ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ረጅም ናት፣ ስትስቅ ከሩቅ ትሰማለች። የት እንዳለች የምታውቁ ወይም ያያት ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።