በመኪና በር የሚላጨው ባሌ

ባሌን ሰፈሩ «ጋሼ መስታወት» ይለዋል። ሥራው የአሮጌ መኪና የአልሙኒየም ጌጥ ማደስ ነው፤ ያ በበሩ ርዝመት የተለጠፈው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት አመድ የሚመስለው። ስሙን ያወጣለት አመሉ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ደንበኛው ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ያደሰውን ጌጥ እያየ ጢሙን ይላጫል። ጌጡ ሦስት ጣት አይሞላም፤ አገጩ ሲታየው አፍንጫው ይጠፋበታል። ቢሆንም «መላጨት ያቃተኝ ቀን ጋራዤን እዘጋለሁ» ብሎ ምሏል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳሙና ውኃ በጣሳ ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ፣ አንዴ አገባሁት!

አምና ግን ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ትንፍሽ አላለም። እኔ ያወቅኩት አንድ ጠዋት ገመድ ላይ ለተሰጣ የጎረቤት ካፖርት «እንደምን አደሩ» ብሎ እጅ ሲነሳ ነው። ካፖርቱ ስላልመለሰለት ቀኑን ሙሉ ተቀይሞ ዋለ። «ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ስለው «ማን ታመመና?» አይለኝም! የፈራው ገብቶኛል፤ ማየት እንዳቃተው ካመነ ጋራዡን ሊዘጋ ነው። ያለ ጋራዡ ደግሞ እሱ ምን ሰው ነው? ቤት ተቀምጦ የእኔን ድስት ሲፈትግ ሊውል። አሳዘነኝም፣ አበገነኝም።

በዚህ መሃል ጡረታ የወጡ ዳኛ አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም ይባላል። «ቀኙን ጎን ይሥሩልኝ፤ ከወደድኩት ግራውን ይቀጥላሉ» አሉና ሄዱ።

ተያያዘው። አልሙኒየም ከፋብሪካ ሲወጣ የሚለብሰው ስስ ቆዳ አለው፤ እሱ ሳይነሳ ዓመት ቢፈትጉት አይበራም። ያንን ቆዳ በሚያቃጥል ሶዳ ላጠው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሰ ከሻካራው ወደ ልዝቡ ሄደ፤ በመጨረሻ በቅባትና በጥጥ ጨርቅ ወለወለው። ይህን ሁሉ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ነው። ጭረት ባገኘ ቁጥር «ያዝኩህ፣ አንተ ሌባ!» እያለ ይሰድበዋል።

ዳኛው መጡ። ባሌ ምላጩን፣ እኔ ጣሳዬን ይዘን ወጣን። መኪናውን ዞር ዞር አለና ጎንበስ ብሎ፣ ጉንጩን ወጠር አድርጎ ተላጨ። አንዲት ጠብታ ደም የለ! ቀና ብሎ «እንዴት ነው፣ ክቡር ዳኛ?» አለ በኩራት።

ጣሳው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ሰውዬው የተላጨው ገና ባልተነካው፣ በግራው ጌጥ ላይ አፍጥጦ ነው!

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ያልሠሩት ነው።»

እጁን ሰደድ አድርጎ ዳሰሰው። ሻካራ ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ሲረግፍ አየሁት። «በቃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጋራዡ ይዘጋል።»

ምላሴ ግን አልሰነፈም። «ምን ብሎ ነው የሚዘጋው? የማልከው መላጨት ሲያቅትህ ነው። አሁን ማን ነው የተላጨው፣ እኔ ነኝ?»

ዳኛው ወደ ቀኙ ጎን ዞሩ። ጌጡ ላይ የገዛ ሽፋሽፍታቸውን አንድ በአንድ ሲያዩት፣ ያ የማይስቀው ሰው በሳቅ ፈነዳ። «የባለቤትዎን ክርክር ተቀብያለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጋራዡ አይዘጋም። እርስዎ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ይግባኝ የለውም።»

ባሌ ለእኔ እምቢ ያለውን ለዳኛ እሺ አለ። ታከመ።

ፋሻው ከዓይኑ በተነሳ ማግስት፣ ለግራ ጎኑ ጋራዥ የቆየው የዳኛው መኪና ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። ቀኙን ጌጥ ከዳር እስከ ዳር እንከን ፈለገበት፤ አጣ። «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለ፣ ቅናት በተናነቀው ድምፅ።

«አንተ ነሃ!»

ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው። ከዚያ ዞረና እኔን ያየኝ ጀመር፤ አተኩሮ፣ እስካፍር ድረስ።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«አንተ ለካፖርት እጅ ስትነሳ» አልኩት።