ዙለይካና «ፍሪጂድ» የምትባለዋ ቃል

ዙለይካ ካዛንቺስ ያለችውን የለስላሳ መጠጥ ሱቋን ቅዳሜ ከሰዓት እየዘጋች እንግሊዝኛ መማር ጀምራ ነበር። ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ስለሆነች ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ መምህርቷ ራሕዋ «ፍሪጂድ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፋ ትርጉሙን ጠየቀች። ዙለይካ ከሁሉም ቀድማ ብድግ አለች።

«የፍሪጅ ዘመድ ነው እንዴ? ማለቴ፣ በጣም ቀዝቃዛ?»

«በትክክል!» አለች ራሕዋ። «አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው። እስቲ እትዬ፣ ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት።»

«ሻዬ ፍሪጂድ ነው።»

ራሕዋ ፈገግ አለች። «ለሻይ እንኳ አይሆንም። ለአየር፣ ለባሕር፣ ለአገር ነው። ፊቱ ለማይፈታ ሰውም ይባላል።»

ዙለይካ ስትወጣ በረዶ እየወረደ ነበር። ሻርፗን ራሷ ላይ ጥላ ቂርቆስ እስካለው ቤቷ በሩጫ ሄደች። ባሏ ሙክታር በሩን ሲከፍትላት፣ «አየሩ ፍሪጂድ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ነው! ትርጉሙን ማንም ሳይነግረኝ በቃ ራሴ አገኘሁት!»

እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር ሙክታርን አጠገቧ አስቀምጣ ቃሉን ታስጠናው ጀመር።